ራስን መሳት

አማርኛችን ለዚህ ነገር ያወጣለት ስም ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዒላማ ሳተ፣ መንገድ ሳተ እንደምንለው ሁሉ፣ ድንገት ጉልበቱ ከድቶት የወደቀውንም ሰው «ራሱን ሳተ» እንለዋለን። «ስሕተት» የሚለውም ቃል ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ሳናስበው ለወደቀው ሰው ጥፋተኛ የሚያስመስል ስም ሰጥተነዋል ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ራሴን የሳትሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስሕተቱን የሠራሁት ግን ስወድቅ ሳይሆን ከነቃሁ በኋላ ነው። ይህን ለመናገር ከ25 ዓመታት በላይ ፈጅቶብኛል።

ዘመኑ 1992 ዓ.ም. ነበር። ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር እንኖር ነበር። እናቴ እኔንና ሁለት እህቶቼን የምታሳድገን ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ነው። ፈትሉ በተሸጠበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ ይኖራል፤ ባልተሸጠበት ሳምንት ሻይ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እሱም ይቀራል። እናቴ እንደ ሌሎች እናቶች «ቁርስህን በላህ ወይ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። መልሱን ታውቀው ነበርና።

አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ተሰልፈን ሳለ በመጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ተነሣ። ቀጥሎ ከፊቴ የቆመው ልጅ ሹራብ ቀለሙን እየለቀቀ ሄደ፤ ቀዝቃዛ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የክብሪት ጭስ ሽታ ነው። ዓይኔን ስገልጥ አንዱ በብብቴ ይዞ ሊያቆመኝ ይታገላል፤ ሌላዋ ውሃ ትረጭብኛለች። ከበላዬ «ምን ያዘው?» የሚል ድምፅ ተደጋገመ። «የሚጥል በሽታ ነው» አለ አንዱ። «ልክፍት ነው፤ ጠበል ይውሰዱት» አለች ሌላዋ። አንድ መምህር ጎንበስ ብለው «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ቁርስ አልበላሁም»። እኔ ግን «አላውቅም» አልሁ።

እናቴ ሰባት ጠዋት ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን ለማማት አይደለም ይህን የምጽፈው፤ እምነቷ ነበር፣ እምነቴም ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሰባት ጠዋቶች እንዝርቷ ሥራ ፈታ። ሥራ በፈታ ቁጥር ዳቦው እንደሚርቀን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ዛሬ ሳስበው እሷም ታውቅ የነበረ ይመስለኛል። ሰይጣን የማንንም ልጅ ሊለክፍ ይችላል፤ ረሃብ ግን የእናትን ስም ያስነሣል። ስለዚህ ሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፣ ከረሃብ ይልቅ ሰይጣንን መረጥን።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ሰው ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደም ወደ እግሩ ይወርዳል። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ፣ የውሃ ጥም፣ ሙቀት ወይም ድንጋጤ ሲጨመርበት የልብ ምቱ ሊዘገይና የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለአንጎሉ የሚደርሰው ደም ለጥቂት ሰከንዶች ያንሰዋል። እንግዲህ መውደቁ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው፤ የተጋደመ ሰው ደሙ ወደ ጭንቅላቱ በቀላሉ ይመለስለታልና። እኛ ግን በፍቅር ተሯሩጠን እናቆመዋለን። የሚሻለው በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ የአንገት ልብሱን ማላላትና ነፋስ እንዲያገኝ ገለል ማለት ነው። በደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ወይም ደረቱን ካመመው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

የአዲስ አበባ ተማሪዎች በረሃብ ምክንያት ክፍል ውስጥ እንደሚወድቁ በአደባባይ መነገር የጀመረው እኔ ከወደቅሁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። «የእናት ወግ» የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ምገባ ጀመረ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለ300 ሺህ ያህል ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ያዘ። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ከምግቡ ይልቅ ልቤን የነካው የነገሩ በስሙ መጠራት ነበር። ረሃብ ተባለ። እኔና እናቴ ያልደፈርነውን ቃል ሌላ ሰው አወጣልን።

ስለዚህ ወዳጄ አንባቢ ሆይ፣ ሰው ራሱን ስቶ ስታይ «ምን ያዘው?» ከማለትህ በፊት «ምን ቀምሷል?» ብለህ አስብ እላለሁ። ስትጠይቀው ግን ሰው በተሰበሰበበት አይሁን። ምክንያቱም መልሱ የሚከብደው ከበሽታው ሳይሆን ከዓይናችን የተነሣ ነው።

በቅርቡ በምሠራበት ባንክ ጡረታቸውን ለመቀበል የመጡ አንድ አዛውንት ከወረፋው ላይ ወደቁ። ሰው ተንጋጋ፤ «ክብሪት!» ተባለ። መስኮቴን ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁና እግራቸውን ከፍ አድርጌ ያዝሁ። ጥቂት ቆይተው ነቁ። ሰዉ ገለል ሲል በጆሯቸው «አባባ፣ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?» አልኋቸው።

«ኧረ ጠግቤ ነው የወጣሁት ልጄ» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከዓይኔ እያሸሹ።

ያን መልስ አውቀዋለሁ። እኔም ዋሸሁ፤ «እኔ ግን ቁርሴን ሳልበላ ነው የወጣሁት፤ ብቻዬን መብላት አልወድምና ሻይ ያጣጡኝ» አልኋቸው። ደህና መሆናቸውን ካየሁ በኋላ ደግፌ አጠገባችን ወዳለችው ሻይ ቤት ወሰድኋቸው። ዳቦው ሲመጣ ባረኩት። ከዚያ ለሁለት ቆረሱና ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።