የአሮጌ ጎማ አዲስ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አሮጌ ጎማን እሳት ውስጥ ከትቶ ማንደድን «መልሶ መጠቀም» ብሎ የሰየመው ግን ነጋዴ ነው። ከነደደ በኋላ ጎማ የሚባል ነገር የለም፤ የሌለውን ነገር መልሶ የሚጠቀም ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልታየም።

አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ከዛፍ የሚገኘውን ጥሬ ጎማ ከድኝ ጋራ ቢያግለው፥ ሙቀት የማያቀልጠው ብርድም የማይሰነጥቀው ሆነለት። ድኙ የጎማውን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አስሮ ይይዛቸዋልና። ጎማ የመኪናን ሸክም የሚችለው በዚሁ ማሰሪያ ነው፤ በዚሁ ማሰሪያ ምክንያት ደግሞ ካረጀ በኋላ እንደ ብረትና እንደ ብርጭቆ ቀልጦ እንደገና አይሠራም። እንግዲህ ጎማ ሠሪው የማይፈታ ቋጠሮ እንደሚቋጥር አስቀድሞ ያውቃል። እያወቀ ይሸጣል፤ ለቋጠሮው የሚጨነቀው ሌላ ሰው ነው።

«አንድ ኪሎ ጎማ ከአንድ ኪሎ ድንጋይ ከሰል የማያንስ ሙቀት ይሰጣል፤ ታዲያ ስለ ምን ይጣላል?» የሚሉ አሉ። የተናገሩት እውነት ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ድንጋዩ እስከ 1450 ዲግሪ ይግላል፤ ጎማው እዚያ ሲገባ የሽቦው ብረት እንኳ ሳይቀር ከሲሚንቶው ጋራ ይዋሐዳል። ጢሱን የሚይዝና የሚለካ መሣሪያ ካለ፥ ይህ ሜዳ ላይ ከመከመር በብዙ ይሻላል። የክምር ነገርማ በካናዳ በሐገርስቪል ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በዚያ 14 ሚሊዮን ያህል ጎማ 17 ቀን ሲነድ፥ በሺህ የሚቈጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ስለዚህ የምቃወመው ምድጃውን ሳይሆን ስሙን ነው። ጎማውን ለመሥራት የጠፋው ኀይል ሲነድ ከሚመልሰው እጅግ ይበልጣል። ብር አበድሮ ጥቂት ሳንቲም የተመለሰለት ሰው «ገንዘቤን አገኘሁ» ይላልን?

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይምሰልህ። እንግሊዝ በያመቱ 50 ሚሊዮን ያህል አሮጌ ጎማ ይወጣታል፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ መልሶ ለመጠቀም ተብሎ ወደ ህንድ ይጫናል። እዚያ ከደረሰው ብዙው በየመንደሩ ዳር በተተከለ ጋን ውስጥ ያለ አየር እየተቀቀለ ዘይትና ጥቀርሻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 በጥር ወር በማሃራሽትራ ግዛት በዋዳ፥ ከአውሮፓ የመጣ ጎማ ይቀቅል የነበረ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ፈንድቶ ሁለት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ጎማውን ያስለወጠው ባለመኪና ግን የማስወገጃውን ሂሳብ ከፍሎ፥ ኅሊናው ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ገብቷል። ምን ያድርግ፤ የተነገረው «መልሶ መጠቀም» ነው።

የእውነተኛውን መልሶ መጠቀም ትርጕም ለማወቅ መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ መውረድ ይበቃል። በዚያ ሠራተኛው አሮጌውን ጎማ በስለት ቀዶ በረባሶ ያወጣበታል፤ ከመነዳሪውም ተተልትሎ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። እሳት የለ፥ ጢስ የለ። በረባሶ የተጫማውን ገበሬ ከተሜው ሲሥቅበት ኖሯል፤ አሁን ያው ከተሜ ስለ አካባቢ ጥበቃ ስብሰባ ተቀምጦ ከፈረንጅ ሊማር ይጽፋል!

የከተማው ጎማ ሁሉ ጫማ ሊሆን አይችልም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከጫማውም በፊት ማደስ አለ። «የታደሰ ጎማ አያስተማምንም» የሚል ሰው በአውሮፕላን ተሳፍሮ ከሆነ፥ ሳያውቀው በታደሰ ጎማ አርፎ ይሆናል፤ የአውሮፕላን ጎማ መሬት የሚረግጠው ገጹ ሲያልቅ ደጋግሞ ይታደሳልና። መታደስ የማይችለው ይቀደድ፤ ለመቀደድም የማይሆነው ጢሱ በሚለካበት ምድጃ ይቃጠል። የማስወገጃውን ዋጋ ጎማ ሻጩ ይክፈል፤ በደረሰኙም ላይ «ተቃጠለ» ተብሎ ይጻፍ።