በትሩ የእረኛ ነው

«ልጅን ያለ ዱላ ማሳደግ የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚለው አባባል በጉንደ ወይን ለማናችንም አዲስ አይደለም። ወላጅም ይለዋል፣ መምህርም ይለዋል። መምህሩ የክፍሉን መጨናነቅ ይጠቅሳል፤ ሸክሙ እውነተኛ ነው፣ ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክሏል። ወላጁ ግን አማኝ ከሆነ መጽሐፈ ምሳሌን ይዞ ይመጣል። ሙግቴ ከእርሱ ጋር ነው።

አስቀድመን የምንንቀውን ነገር እንወቀው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚመክሩት የጸባይ ማረሚያ ልጅን መረን መልቀቅ አይደለም። መልካም ሲሠራ ወዲያው ማመስገን፣ ዞር ብለው እንዲያዩት ሲነጫነጭ ፊት አለመስጠት፣ ሲያጠፋ የሚወደውን ነገር ለጊዜው መከልከል፣ ይህንም ሳያወላውሉ መድገም ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ካዝዲን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት የተለያዩ ማረሚያዎችን አቅርቦ የትኛው ተቀባይነት እንዳለው ሰዎችን ጠየቀ። መልካሙን ጸባይ መሸለም ከመድኃኒትም ከኤሌክትሪክ ንዝረትም በላይ ተመረጠ። በእኛ ዘንድ ግን ሽልማቱ «ጉቦ» ይባላል፤ ልጅን በበርበሬ ጭስ ማጠን «ቅጣት» ተብሎ ይታለፋል! የለመድነውን ሁሉ እግዚአብሔር የወደደው አድርገን ቆጠርነው።

«ምሳሌ 13፥24ስ?» ትሉኛላችሁ። በትር ይላል፣ አልሰርዘውም። 23፥13ም መምታትን ይናገራል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በ17፥10 ለአስተዋይ ሰው አንዲት ተግሣጽ ሰነፍ ከሚቀበለው መቶ ግርፋት እንደምትበልጥ ያስተምራል፤ ይህን ጥቅስ ስንቶቻችን ለልጆቻችን አስበነው እናውቃለን? ደግሞም በመዝሙር 23 በጉን የሚያጽናናው በትርና በምሳሌ 13 ያለው በትር በዕብራይስጥ አንድ ቃል ናቸው። ይህን ለጎጃም እረኛ ማስረዳት አያሻም። በዱላው ከብቱን ከሰው ማሳ ይመልሳል፣ ጅብ ያባርራል፤ የግልገሉን እግር ግን አይሰብርበትም።

«ዔሊ ልጆቹን ስላልገረፈ ጠፋ» የሚሉም አሉ። 1ኛ ሳሙኤል 2ን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አፍኒንና ፊንሐስ ጎልማሶች፣ ያውም ካህናት ነበሩ፤ የመሥዋዕቱን ሥጋ በሜንጦ ያስወስዱ ነበር። ዔሊ በቃል ገሠጻቸው፣ ከአገልግሎት ግን አላነሣቸውም። የጎደለው አርጩሜ ሳይሆን የጥፋት ተከታይ እርምጃ ነው። ያ የናቅነው ዘዴ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

ኤልያስ ሞትን ሲለምን ጌታ እንዴት እንደያዘውም እዩ (1ኛ ነገሥት 19)። አስቀድሞ እንቅልፍ፣ ከዚያ እንጎቻና ውኃ፤ «እዚህ ምን ታደርጋለህ» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ የሚረብሸውን ልጅ በአርጩሜ ከመንካታችን በፊት ቁርስ በልቶ እንደመጣ ማን ጠየቀው?

ዘዴው ቀላል ነው አልልም። የሚፈተነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ፊት የተነፈገ ልጅ መጀመሪያ ጩኸቱን ያብሳል፤ እናቱ በዚያ ሰዓት ተሸንፋ የፈለገውን ከሰጠችው የተማረው አብዝቶ መጮህን ነው። ብዙ ወላጅ «ሞክሬው አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ደርሶ ነው። ዱላ ግን ወዲያው ዝም ያሰኛል፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። አባትየው ገበያ የወረደ ዕለት ቤቱ እንዴት እንደሚውል ግን እናትየዋን ጠይቋት።