ቀለሙ ስላማረ ይገደል?

«ቀለሟን አታይም? መርዛም ናት! በላት!» ይህን ያልሰማ ማን አለ? ጎረቤት ይለዋል። ዘበኛ ይለዋል። ዲግሪ የጫነ አባወራም ልጁ ፊት ይለዋል። ወዲያው መጥረጊያ ይነሳል፣ ድንጋይ ይወረወራል። መርዛም ናት ያለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

በቃኝ። በግልጽ ልናገረው፦ በአገራችን በመርዙ ሰው የሚገድል እንሽላሊት የለም። ሰማያዊውም፣ ብርቱካናማውም፣ ባለመስመሩም አይገድልም። በመርዙ ስሙ የገነነው ጊላ ሞንስተር የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ ነው፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ግቢያችሁ አልገባም። አርጃኖ ከያዛችሁት ይነክሳል፣ በጭራውም ይገርፋል። ካልነካችሁት መንገዱን ይሄዳል።

ታዲያ ቀለሙ ምን ይናገራል? ቆሞ ለሚያይ ሰው ብዙ ይናገራል። ረፋድ ላይ ድንጋይ ካብ ላይ ወጥቶ ደረቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ገበሎ ተመልከቱት። ራሱ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው ወንዱ ነው። ለሌላው ወንድ «ይህ ግዛቴ ነው»፣ ለሴቷ «እዚህ ነኝ» እያለ ነው። ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለውም። አጠገቡ ያለችው፣ ከድንጋዩ የማትለየው ቡናማ፣ ሌላ ዝርያ ሳትሆን ሴቷ ናት። እሱ ራሱ ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ይደበዝዛል። ማለዳ ግራጫ ሆኖ ያያችሁት፣ ፀሐይ ሲሞቅ በሰማያዊ የሚያበራው ያው አንዱ ፍጡር ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን ጠዋት አልፋችሁት ረፋድ ላይ ፈረዳችሁበት!

ባለሰማያዊ ጭራዋ እንሽላሊትስ? ጀርባዋ ላይ አምስት ገርጣ ያሉ መስመሮች አሉ፣ ቆዳዋ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ሰው ሁሉ «የእባብ ልጅ» እያለ ይሸሻታል። እግሮቿን አላየም? ያ ጭራ መርዝ የለውም፤ ማታለያ ነው። አዳኝ ዓይኑ ደማቁ ላይ ያርፋል፣ ጭራውን ይይዛል፣ ጭራው ተቆርጦ መሬት ላይ ይወራጫል፣ ባለቤቷ ታመልጣለች። ጭራውም መልሶ ይበቅላል። ወንዱ ሲያድግ መስመሮቹም ሰማያዊውም ይጠፋሉ። ስለዚህ ቀለም ብቻ አይቶ «አወቅኋት» የሚል ሰው አላወቃትም። መጀመሪያ አካሏን ይይ። የዓይን ቆብ አላት? ከራሷ ጎን የጆሮ ቀዳዳ ይታያል? ጣቶቿ ሰፋፊ ናቸው ወይስ ቀጫጭን? ቀለም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«ርኩስ ናት» የሚለኝም አለ። መልካም፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን እናንብብ። ርኩስ ናቸው ይላል፤ እያደናችሁ ፍጁ አይልም። ይልቁንም የሞቱትን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው ይላል። ታዲያ ገድሎ በጭራዋ አንጠልጥሎ የሚዞረው የትኛውን ሕግ እየፈጸመ ነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ግብዝነታችን ነው። ማታ አምፖሉ ዙሪያ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትንኝና የእሳት እራት የምትለቅመውን እንሽላሊት በጫማ እንጨፈልቃለን። ከዚያ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ፍሊት እንነፋለን። መርዙን ወደ ቤታችን ያስገባው ማን ነው? እሷ ወይስ እኛ? በባሌ ከሌላ ከየትም የማይገኙ እስስቶች አሉን ብለን በስብሰባ እንኮራለን፤ አጥራችን ላይ ያገኘናትን እስስት ግን በድንጋይ እንቀጠቅጣለን። ቃሉን ለሚያጥፍ ፖለቲከኛ ስሟን እንሰጠዋለን። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው በአመዛኙ ለመደበቅ አይደለም። ስትቆጣ፣ ስትፈራ፣ ሙቀት ስትፈልግ ነው። የውስጧን ቆዳዋ ላይ ታወጣዋለች። የትኛው ፖለቲከኛ ነው እንዲህ የሚያደርግ?

አሁን ደማቅ ቀለም የመፍራታችንን ውጤት እንየው። በእርግጥ የሚገድለው እፉኝት ምን ይመስላል? ደረቅ ቅጠልና አፈር ይመስላል! ቡናማና ገለባማ መልክ፣ ጀርባው ላይ የደበዘዙ የቀስት ቅርጾች አሉት። የሚያበራ ሰማያዊ የለው፣ የሚያንጸባርቅ ቀይ የለው። ሳይንቀሳቀስ ተጋድሞ፣ እስኪረግጡት ይጠብቃል። ደማቁን ፍራ ተብሎ ያደገ ልጅ እረኝነት ወጥቶ እንጨት ሲለቅም ዓይኑ ምን ይፈልጋል? ደማቁን! እግሩ የሚያርፈው የት ነው? ጠበቅነው ያልነውን ልጅ አሳልፈን ሰጠነው። የማይለይ ፍርሃት ጥበቃ አይሆንም።

ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ድንጋዩ ሲወረወር ውስጣችሁ «ምን አደረገች?» ብሏል። «እንሽላሊት አዘነለት» ተብሎ እንዳይሳቅባችሁ ዝም አላችሁ። ያ ዝምታ ነው ድንጋዩን የሚያቀብለው። ከእንግዲህ ልጃችሁ ጣቱን ቀስሮ «ይቺ ምንድን ናት?» ሲላችሁ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉና አብራችሁ እዩ። እግሯን፣ ዓይኗን፣ ቅርፊቷን፣ መስመሯን እዩ። ካወቃችሁ ንገሩት። ካላወቃችሁ «አላውቅም» በሉትና እጃችሁን ሰብስቡ።