የክሎኒንግ ጥቅምና ድንበር



ስለ ክሎኒንግ ስናስተምር ወጣቶች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያቀርቡልናል። አንደኛው «ሰው ፈጣሪ ሆነ ማለት ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የሞተን ሰው መልሶ ማግኘት ይቻላልን?» የሚል ነው። ለመመለስ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያሻል።

ዶሊ የተባለችው በግ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1996 በስኮትላንድ በሮዝሊን ተቋም ተወለደች። ተመራማሪዎቹ ከአንዲት የ6 ዓመት በግ ጡት ሴል ወሰዱ። ከሌላ በግ እንቁላል ውስጥ ኒውክሊየሱን አውጥተው እንቁላሉን ከሴሉ ጋር በኤሌክትሪክ አዋሐዱት፤ ሽሉንም በሌላ በግ ማሕፀን አሳደጉት። ከ277 ሙከራዎች በሕይወት የተወለደችው ዶሊ ብቻ ነበረች።

እንግዲህ ሴሉንም፣ እንቁላሉንም፣ ማሕፀኑንም የፈጠረው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። ገበሬ ከአንድ እንሰት ሥር ብዙ ችግኝ ሲያወጣ ያው ተክል ይባዛለታል፤ ፈጣሪ ግን አይባልም። ተመራማሪውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ቴክሳስ በክሎኒንግ የተወለደች ድመት ከምንጯ ጋር አንድ ዓይነት ዘረ መል ቢኖራትም የጠጉሯ ቀለም ተለይቶ ታይቷል። የድመት ጠጉር እንኳ ካልተደገመ የሰው ጠባይና ትዝታ እንዴት ይደገማል? ልጇን በሞት ያጣች እናት በዚህ መንገድ ብታገኝ የምታገኘው ሟቹን ሳይሆን ዘግይቶ የተወለደ መንትያውን ነው። ያም ሕፃን ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ሰው ልክ ሲለካ ይኖራል።

ይህ ማለት ግን ዕውቀቱ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተወለደችው ፖሊ የተባለች በግ ደሙ አልረጋ ለሚል በሽተኛ የሚረዳ ፕሮቲን በወተቷ እንድትሰጥ የታሰበች ነበረች። በዱባይም እ.ኤ.አ. በ2009 ኢንጃዝ የተባለች ግመል ቀደም ሲል ለሥጋ ከታረደች ግመል ሴል ተገኝታለች።

መቀመጫው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1997 ባደረገው 10ኛ ጉባኤው በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ የሚደረገውን በሸሪዓ ወሰን ውስጥ ጥቅም እስካስገኘና ጉዳት እስካስወገደ ፈቅዶ፣ ሰውን ማባዛትን ከልክሏል።

ምክንያቱን ማስተዋል ይገባል። ሴሉን የሰጠው ሰው ለሚወለደው ልጅ አባት ነው ወይስ ወንድም? ነሰብ ከተምታታ ውርስም፣ ጋብቻም፣ የዝምድና መብትም አብሮ ይምታታል። ከዚህም ሌላ በበግ ላይ የከሸፈ ሙከራ የገንዘብ ኪሳራ ሲሆን፣ በሰው ላይ ግን የእናትና የሕፃን ሕይወት ነው።

በግና ግመል ለሰው አገልግሎት ተገርተዋል፤ ሰው ግን የሌላ ሰው መጠቀሚያ ሊሆን አይወለድም። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ይህን ሲጠይቁ «ዝም በሉ» አትበሏቸው። ዕውቀቱንም ድንበሩንም አንድ ላይ አስተምሯቸው።

ወላሁ አዕለም።