ነግ በኔ በል!

ወገን፣ ልብ በል! መንግሥት ጌታህ አይደለም፤ ሥልጣኑ ልክ አለው። ልኩም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተጽፏል። አንቀጽ 19ን አንብበው፦ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቀጽ 26 ደግሞ ቤትህና ስልክህ ያለ ሕግ እንዳይደፈሩ ይጠብቃል።

የኛ ልጅ ሲታፈስ እንጮሃለን። የማንወደው ሰው ሲታፈስስ? «ይበለው!» እንላለን። እዚህ ጋ ነው የተሸወድነው! ዛሬ በሱ ላይ የተጣሰው 48 ሰዓት ነገ ላንተም ላንቺም አይከበርም። ይህ መብት የብሔር ወይም የፓርቲ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሰው ነው።

ስለዚህ ባላንጣህም ቢሆን «ፍርድ ቤት አቅርቡት!» በል። አንቀጹን አንብብ፣ ለጓደኛህም አድርስ። ነግ በኔ!