የማክሰኞ ጠዋት ውሃ

እማዬ መጀመሪያ የተሰበረችው ቀኝ እጇ አንጓ ላይ ነው። ቆቃ ቤታችን ደጃፍ ላይ ካለችው አንዲት ደረጃ አዳልጧት በመዳፏ መሬት ያዘች፤ ከዚህ የዘለለ ነገር አልነበረም። ወጌሻ ተጠራ፣ አሸ፣ ጠግኖ አሰረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች። ያኔ 56 ዓመቷ ነበር፤ ካረጠች ስምንተኛ ዓመቷ። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አለ፣ እኛም «እግዜር አተረፈሽ» ብለን አለፍነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሐበሻ ቀሚሷ ከፊት በኩል መሬት መጥረግ ጀመረ። ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ አሳጠረችው። በዓመቱ ደግሞ ረዘመባት። «ይሄ ጨርቅ እየለቀቀ ነው» ስትል እኔም አምኛት ነበር። የለቀቀው ግን ጨርቁ አልነበረም። አዳማ ራጅ ስትነሳ ከአከርካሪ አጥንቶቿ ሁለቱ ከፊት ለፊታቸው እንደተረገጠ ቆርቆሮ ተጨፍልቀው አየናቸው። አልወደቀችም፣ ማንም አልመታትም። ምናልባት ጄሪካን ስታነሳ፣ ምናልባት ሊጥ ስታቦካ ነው የደቀቁት። ወገቧን ሲያማት ለከረመው ሕመም እኛ የሰጠነው ስም «ብርድ» ነበር።

እኛ አገር ለዚህ ሁሉ ያለን ስም ጥቂት ነው፦ ብርድ፣ ቁርጥማት፣ እርጅና። ሐኪሞቹ የአጥንት መሳሳት ይሉታል። አጥንት እንደ ድንጋይ ተቀምጦ የሚኖር ነገር አይደለም፤ ሕይወት አለው፣ ዕለት ዕለት ይፈርሳል፣ ዕለት ዕለት ይገነባል። ሴት ልጅ የወር አበባዋ እስኪቆም ድረስ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አፍራሹን ይገታዋል። ስታርጥ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ግንበኛው አፍራሹን መከተል ያቅተዋል። በተለይ ከማረጥ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አጥንት የሚሄድባቸው ናቸው። የሚያሳዝነው ሲሳሳ አያምም። የሚያመው ሲሰበር ነው። ስለዚህ ሃምሳን ያለፈች ሴት ቆማ ከነበረችበት ወድቃ ከተሰበረች፣ «አተረፈሽ» ብሎ ማለፍ አይገባም። ወጌሻው እጇን ሊያስተካክልላት ይችላል፤ አጥንቷ ለምን በዚያች ትንሽ ውድቀት እንደተሰበረ ግን የሚጠይቅላት ሐኪም ያስፈልጋታል። የእማዬ አንጓ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነግሮን ነበር። አልሰማነውም።

የታዘዘላት አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንድ ፍሬ። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የወጣው ትልቅ ጥናት አከርካሪያቸው ቀድሞ የተሰበረ 2,027 ሴቶችን ሦስት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ መድኃኒቱ አዲስ የአከርካሪና የዳሌ ስብራትን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። የዳሌ ስብራት አልጋ ላይ የሚያስቀር፣ አንዳንዱንም የሚገድል ነገር ስለሆነ ይህ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ሥራውን የሚሠራው አጥንቱ ላይ ተለጥፎ አፍራሹን በማዳከም ነው። ሕመም አያስታግስም፣ ጉልበት አይሰጥም። የዋጠችው ሴት ምንም አይታወቃትም፤ ብታቆመውም አይታወቃትም።

እኛ ያበላሸነው እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «በሳምንት 1» ብቻ ነበር። እማዬ ፍሬዋን በአቦል ቡና ትውጥና ጋደም ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ደረቷን አቃጠላት። አንዲት ጎረቤት «በአምቦ ውሃ ውሰጂው፣ ይበትነዋል» አለቻት፤ በአምቦ ሞከረችው፣ ባሰባት። ከዚያ ለማንም ሳትናገር ተወችው። እኔ የደረስኩበት ከወራት በኋላ መሳቢያዋ ውስጥ ያልተነኩትን እሽጎች ሳገኝ ነው። «ልጄ፣ አልተስማማኝም፤ ደግሞስ ምን አደረገልኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም እኔም አላውቅም ነበር።

ኋላ ያገኘናት ሐኪም ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠግታ አንድ በአንድ ነገረቻት። ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ በንጹሕ ውሃ ሲዋጥ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከምግብ ጋር ሲሆን እንዳልተወሰደ ይቆጠራል፤ በቡና ሲሆን ከዚያችው ከጥቂቷ ላይ ስድሳ በመቶ ያህሉ ይጎድላል። አምቦ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ካልሲየም ካገኘ ከእሱ ጋር ተጣብቆ በሆድ በኩል ይወጣል። ወተትም፣ የካልሲየም ክኒንም እንዲሁ ናቸው። ቃጠሎው የመጣው ዋጥ አድርጎ በመጋደም ነው። ፍሬዋ ጉሮሮ ላይ ከቆየች ትልጣለች። ስለዚህ ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ተራ ውሃ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም፤ ምንም አለመብላት፣ ምንም አለመጠጣት፣ አለመጋደም። የረሳ ሰው በማግስቱ ጠዋት ይውጥ እንጂ በአንድ ቀን ሁለት አይውሰድ።

እማዬ ዝም ብላ ሰምታ ስታበቃ፣ «ቡናዬንስ?» አለች።

ግማሽ ሰዓቱ የተፈታው በቡናው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትውጣለች። ከዚያ ታናሽ እህቴ ቡናውን ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፤ እማዬ ወንበር ላይ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ተቀምጣ ጭሱን ታሸታለች፣ አቆላሉን ታርማለች። ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ ግማሽ ሰዓቱ ያልፋል። አንድም ቀን ሰዓት ቆጥራ አታውቅም፤ የአቦል መቅዳት ሰዓቷ ሆነ።

ቀኑንም ራሷ መረጠች። እሑድ ቅዳሴ አለባት፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። ማክሰኞ አለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን በማክሰኞም ውሃ ከአፏ አይደርስም ነበርና እንደገና ልትተወው ሆነ። የነፍስ አባቷን ጠየቀች፤ «መድኃኒት ነው፣ ውሰጂ» ብለው ፈቀዱላት። እሳቸውን ባትጠይቅ ኖሮ በየዓመቱ ሁለት ወር ያህል በዝምታ ይዘለል ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ በረመዳን ለሱሁር ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ተነስተው ሊውጡት ይችላሉ፤ ይህንንም የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። በየዓመቱ ብዙ ወር በምንጾምበት አገር «በባዶ ሆድ በውሃ» ብሎ ማዘዝና ስለ ጾሙ አለመጠየቅ ሐኪሙንም መድኃኒት ባለሙያውንም ያስወቅሳል ብዬ አምናለሁ። በጾም ወተትና አይብ ስለሚቀርም ጎመኑ፣ ሰሊጡ፣ የጤፍ እንጀራው ለካልሲየም የሚፈለጉት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ፤ ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ነገሩ እዚህ ላይ ይለያል።

እማዬ ተወልዳ ያደገችው ወንጂ ነው። አያቴ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባቋቋመው ስኳር እርሻ አገዳ ቆራጭ ነበር። ጥርሶቿ የበለዙ ናቸው፤ እኩዮቿም እንደዚያው። ከወንጂ እስከ ዝዋይና ከዚያም አልፎ የጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ሲል፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተለክቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ የጻፉት፣ ውሃው ጥርስ አበልዞ እንደማይተው ነው፤ ለዓመታት የጠጡት ሰዎች አከርካሪ እየደነደነ፣ ጅማታቸው አጥንት እየሆነ፣ አንዳንዶቹም ኅብለ ሰረሰራቸው ተጨንቆ እግራቸው እስከመስነፍ ደርሷል።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ይኸው ፍሎራይድ ላረጡ ሴቶች የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ሆኖ ይሞከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው የአሜሪካኑ ማዮ ክሊኒክ ጥናት 202 ሴቶች ተካፍለዋል፤ ገሚሶቹ በቀን 75 ሚሊግራም ሶዲየም ፍሎራይድ ለአራት ዓመት ወሰዱ። የአከርካሪያቸው አጥንት ክብደት በ35 በመቶ ጨመረ። የአከርካሪ ስብራታቸው ግን የሚታመንበት ያህል አልቀነሰም፤ የሌላው አካላቸው ስብራት ጭራሽ በዛ። አጥንቱ ወፍሯል፣ አልጠነከረም። የእኛ እናቶች ማንም ሳያዝላቸው በእንስራ ሲቀዱት የኖሩትን ነገር በዚያ ጥናት ውስጥ ሳነብ ብዙ አሰብኩ።

ይህ ለታካሚዋ የሚለውጠው ነገር አለ። የአጥንት መጠን መለኪያው ማሽን ብዙ ፍሎራይድ የጠጣችን ሴት አጥንት «ወፍራም ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል፣ አጥንቱ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ የመጣች ሴት ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ዕድሜዋንና ያረጠችበትን ዘመን እንደምትናገር ሁሉ፣ በልጅነቷ የምን ውሃ እንደጠጣች ትናገር። ሐኪሟም ይጠይቃት። የእማዬን የመጀመሪያው ሐኪም አልጠየቃትም፤ የኋለኛዋ ግን ጥርሷን አይታ «የት ነው ያደግሽው?» ስትል ጠየቀቻት፣ ኩላሊቷን አስመረመረች፣ የአከርካሪ ቲቢ እንዳልሆነ አጣራች፣ ከዚያ ነው መድኃኒቱን ቀጥይ ያለቻት። ኩላሊቱ በጣም የደከመበት ሰው አሌንድሮኔት አይወስድም። ጥርስ የሚነቀል ካለም ቀድሞ ቢነቀል ይሻላል፤ የመንጋጋ አጥንት አለመዳን እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ቢሆንም አለ። የጭን አጥንት ባልተለመደ ቦታ መሰበርም እንዲሁ በረጅም አወሳሰድ አልፎ አልፎ ይታያል፤ ለዚህ ነው አምስት ዓመት ላይ ቆም ተብሎ ይቀጥል አይቀጥል የሚመከረው። በስድስት ወር አንዴ የሚወጋው ሌላው የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ዴኖሱማብ ግን በራስ ፈቃድ የሚቋረጥ አይደለም፤ ሲቋረጥ የአከርካሪ ስብራት ተከታትሎ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በየቤቱ ስለምሰማው፦ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል፣ የተረፈው ውሃም ይበልጥ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የከብት አጥንት አክስሎ የሚሠራው ማጣሪያ ግን ይይዘዋል። የዝናብ ውሃም አለ።

ባለፈው ሰኞ ማታ ቆቃ ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ እማዬ ቀድማኝ ተነስታለች። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ፍሬዋ በመዳፏ ናት፣ የአንጓዋ እብጠት ዛሬም ይታያል። ውሃውን እስከ ታች ጠጥታ ብርጭቆውን ደፋችው። ከዚያ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ቀና ብላ ተቀመጠችና እህቴን፣ «ቡናውን እጠቢ» አለቻት።