ሊንክ የላከ መስክሯል



የጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለሦስት ነገር ነው፤ የደርስ ሰዓት ለማሳወቅ፣ የትምህርት ማቴሪያል ለመለዋወጥ፣ የተቸገረ ወንድም ወይም እህት ሲኖር ቶሎ ለመደራረስ። ዛሬ ግሩፑን የሚከፍት ሰው ምን ያገኛል? ከማን እንደመጣ የማይታወቅ የስኮላርሺፕ ሊንክ፣ «ለ20 ሰው ካላስተላለፍክ» የሚል ማስፈራሪያ፣ አንዱ ኡስታዝ ሌላውን ሲነቅፍ የሚያሳይ ተቆርጦ የቀረበ ቪዲዮ፣ ከሥሩም የስድብ ምልልስ። የፈተና ፕሮግራም መለወጡን የሚገልጸው መልዕክት በዚህ ሁሉ መሐል ተቀብሮ ይቀራል። የግሩፑን ድምፅ የዘጉ አሉ፤ ጭራሽ የወጡም አሉ። በተለይ የሚያሳስቡን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችና እህቶቻችን ናቸው። ከግሩፑ የወጣ ቀስ በቀስ ከጀመዓውም ይርቃል።

አድሚኖች ይበርቱ ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከላኪው ነው እንላለን። ሊንክ መላክ ምስክርነት ነው። «እኔ እኮ ፎርዋርድ ብቻ ነው ያደረግሁት» የሚለው ምክንያት ከተጠያቂነት አያድንም።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የሚያዘን፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። የሐዲስ ሊቃውንት የእያንዳንዱን ዘጋቢ ስም፣ የማስታወስ ችሎታና ታማኝነት የመረመሩት ንግግሩ ስላማራቸው ብቻ መቀበልን ስላልፈቀዱ ነው። በሀገራችን የመስጂድ ትምህርትም ደረሳ የሚታወቀው በያዘው ኪታብ ብቻ አይደለም፤ «ከማን ቀራኸው?» ይባላል። ኢስናድን እንደ ትልቅ ኒዕማ የምንቆጥር ሰዎች ምንጭ የሌለው ፖስት ስናዘዋውር መዋላችን አያምርብንም።

የሀገሪቱ ሕግም ላኪውን ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ላይክ» ማድረግንና «ታግ» ማድረግን ከማሰራጨት አይቆጥርም። መልዕክቱን ራሱን ለብዙ ሰው ማዳረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሕጉም በላይ የሰው ሕይወት አለ። በ2014 መግቢያ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ፎቷቸውና የግል መረጃቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ የመሠረተው ክስ ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እየታየ ነው። የኩባንያውን ተጠያቂነት ፍርድ ቤት ይወስናል። በየግሩፑ እንዲህ ያለውን ፖስት ተቀብሎ ለሌላ የሚያስተላልፈው ሰው ግን እንደ እኛው ስልክ የያዘ ሰው ነው።

የዕለት ተዕለቱም ጉዳት ቀላል አይደለም። ለእረፍት ወደ ለሚ፣ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የሄደ ተማሪ ሊንክ የሚከፍተው በገዛት ጥቂት ሜጋባይት ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ አንዲት ፒዲኤፍ ማውረድ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የወንድማችንን ሜጋባይት በማይረባ ነገር ማስጨረስ ገንዘቡን እንደማባከን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መስከረም 2017 በተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ «ሠራተኛ ይፈለጋል» የሚል ሊንክ ደረሰን እንበል። ተመራቂ ተማሪዎች ስላሉን ቶሎ መላክ ያጓጓል። ከመላካችን በፊት ግን ሦስት ነገር እንይ፦ ማስታወቂያው በድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ አለ? የማመልከቻው ቀን አላለፈም? ለመመዝገቢያ ገንዘብ ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል? ይህ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አምስቱን ደቂቃ የሰጠ ሰው የአንድን ቤተሰብ ገንዘብ ሊያድን ይችላል።

ወደ አደቡ እንምጣ። ኢኽቲላፍ በዑለማዎች መካከል ድሮም ነበረ፤ ኪታብ ይዘው፣ ተቀምጠው፣ ተከባብረው ይነጋገሩበታል። እኛ ዘንድ ግን የሁለት ደቂቃ ቅንጫቢ ተልኮ አንዱ ወንድም ሌላውን ከዲን እስከማስወጣት ይደርሳል። ፊት ለፊት ቢገናኙ ሰላምታ የሚለዋወጡ፣ አንድ ዶርም የሚያድሩ ልጆች በጽሑፍ ሲሆን ይዘላለፋሉ። ስለ ሌላ እምነት ተከታዮች የሚላከውም እንዲሁ ነው። አብረውን የሚማሩ ክርስቲያን ጓደኞቻችን ቢያነቡት የሚያሳፍረን ነገር በግሩፓችን ሊቀመጥ አይገባም።

«ይህ ሐሳብን ማፈን ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ቦታ አለው፤ ድምፅ መታፈን ምን እንደሆነ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ያውቀዋል። ነገር ግን በ2004 የተጀመረውን የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ እናስታውስ። የፌስቡክ ገጹ የዕለቱን ፕሮግራም፣ የሚባለውንና የማይደረገውን አስቀድሞ ያሳውቅ ነበር። ሰላማዊነቱን ከጠበቁለት ነገሮች አንዱ ይህ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ድምፁን አጎላው እንጂ አላፈነውም። «ደዕዋ ማስተላለፍ አጅር አለው» ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፦ አጅሩ እውነቱን በማድረስ ነው፤ ያልተጣራውን ማብዛት ደዕዋ አይሆንም።

ስለዚህ ለጀመዓው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሊንክ የሚልክ ሁሉ ሁለት መስመር ይጻፍበት፤ ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ መቼ የወጣ ነው፣ ቪዲዮ ከሆነ ስንት ሜጋባይት ነው። ሁለተኛ፣ ደንቡ ተጽፎ ከግሩፑ አናት ላይ ፒን ይደረግ፤ አድሚኖች ከወንድሞችም ከእህቶችም ይመረጡ። ሦስተኛ፣ መልዕክት ሲጠፋ ምክንያቱ ለላኪው በግል ይነገረው፤ በሰው ፊት ማዋረድ ይቅር፤ ቅሬታ ያለውም ለጀመዓው አመራር ያቅርብ። አራተኛ፣ ክርክር ሲጋል «ስሎው ሞድ» ይብራ፤ ጥያቄው ወደ ደርስ ይምጣና አዋቂ ይጠየቅ።

እስከዚያው ግን ደንቡ እስኪጸድቅ መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ማታ «ላክ» የሚለውን ከመንካታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዚህ ነገር አላህ ፊት እመሰክራለሁ?

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ከፊትና ይጠብቅልን፤ ኸይርን ብቻ የምናደርስ ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።